የአውታር ጥፊና የክንድ መከላከያ ቆዳ

ባህላዊ ቀስት መለማመድ የጀመረ ሰው ኢላማውን መምታት ከመልመዱ በፊት አውታሩ የገዛ ክንዱን ይመታዋል። ፍላጻው ተለቆ አውታሩ ወደ ማረፊያው ሲመለስ፣ ቀስቱን የያዘውን ክንድ በውስጥ በኩል ከእጅ አንጓው በላይ ወይም ከክርኑ አጠገብ ይገርፈዋል። የዚያ ቦታ ቆዳ ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ መጀመሪያ ቀይ ሰንበር ይወጣል፣ በማግስቱ ይበልዛል፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴና ቢጫ እየተለወጠ ይጠፋል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ወዲያውኑ ቢደረግበት እብጠቱ ይቀንሳል።

ሰንበሩስ ይድናል፤ የሚከፋው ክንዱ የሚለምደው ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተገረፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አውታሩን ከመልቀቁ በፊት ሳይታወቀው ክንዱን ያጥፋል፣ ትከሻውን ያነሣል፣ አንዳንዱም ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይህን ልማድ ማስተው ደግሞ ከሰንበሩ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ጀማሪ ያለ ክንድ መከላከያ ቀስት እንዲስብ አልፈቅድም። ሕመሙን መቻል የሥልጠናው አካል ነው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ ለጀግንነታቸው ሌላ መስክ ቢፈልጉለት ይሻላል እላለሁ።

ይሁንና መከላከያው ሕመሙን ያስቀራል እንጂ የሕመሙን ምክንያት አያስቀርም። ቆዳውን አስሮ ግርፊያው ስላልተሰማው ብቻ ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ የሚቀጥል ሰው ጥፋቱን ሸፍኖ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ መከላከያውን ለጥበቃ ያህል ብቻ ሳይሆን ዱካ ለማንበብም እጠቀምበታለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የአውታሩን መካከለኛ ክፍል በነጭ ጠመኔ አሽቶ፣ ጥቂት ፍላጻዎች ለቆ፣ በጠቆረው ቆዳ ላይ ነጩ መስመር የት እንደተሳለ ማየት ነው።

መስመሩ የተሳለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። የተገተረ ቀስት ሳይሳብ በመያዣውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በስንዝር ለሚለካ ሰው ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያነሰ ማለት ነው። ፍላጻው ከአውታሩ የሚላቀቀው እዚያው አካባቢ ሲደርስ በመሆኑ፣ ነጩ መስመር ከዚህ ርቀት ይልቅ ወደ አንጓው ቀርቦ ከታየ፣ አውታሩ ክንዱን የነካው ፍላጻው ከሄደ በኋላ፣ ከማረፊያው አልፎ ሲወዛወዝ ነው። ይህ ያማል እንጂ ፍላጻውን አያዛንፍም። መስመሩ ወደ ክርኑ ቀርቦ ከታየ ግን ፍላጻው ገና አውታሩ ላይ ሳለ ግጭት ተፈጥሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ፍላጻ ኢላማው ጋ ቢደርስ እንኳ በዕድል ነው።

ወደ አንጓው ለሚቀርበው ምት መጀመሪያ የሚመረመረው አውታሩ ነው። አውታሩ ሲረዝም ወደ ክንዱ ስለሚጠጋ፣ ፈትቶ ጥቂት ዙር ማክረር ያሳጥረዋል፣ ርቀቱንም ይመልሰዋል። ጅማ ውስጥ ይህ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ ከጥሬ ቆዳ ወይም ከጅማት የተገመደ አውታር እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ጠዋት በልኩ የተገተረ ቀስት ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሲያገኘው ባለቤቱን መግረፍ ይጀምራል። የንብ ሰም በአውታሩ ላይ አሽቶ በጣት ሙቀት እስኪገባ ማሸት እርጥበቱን በጥሩ ሁኔታ ይከላከላል፤ ማር በሞላበት አካባቢያችን ሰም ማግኘት አይቸግርም። የፖሊስተር አውታር ከእርጥበት ጋር ጠብ የለውም፤ አዲስ ሲሆን ግን በመጀመሪያዎቹ ልቀቶች ትንሽ ስለሚለጠጥ እርሱንም ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ወደ ክርኑ የሚቀርበው ምት ግን በአብዛኛው ከሰውየው አቋም የሚመጣ ነው። አብረውን ከሚለማመዱት ወጣቶች አንዷ ክንዷን ስትዘረጋ ክርኗ ከቀጥታው መስመር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አውታሩም ሁልጊዜ እዚያው ያገኛት ነበር። «ጋሼ፣ የኔ ክንድ ለዚህ አልተፈጠረም መሰለኝ» አለችኝ። መዳፏን በበሩ መቃን ላይ በትከሻዋ ልክ እንድታሳርፍ፣ ከዚያም መዳፏን ሳታንቀሳቅስ ክርኗን ብቻ እንድታዞር ነገርኳት። መጀመሪያ መላ ትከሻዋ አብሮ ዞረ፤ ቆይቶ ግን የክርኗ ሹል አጥንት ወደ መሬት ማየቱን ትቶ ወደ ውጭ ዞረ፣ የክንዷም ውስጠኛ ክፍል ከአውታሩ መንገድ ላይ ገለል አለ። ይህን እንቅስቃሴ ያለ ቀስት ደጋግማ ካጠናች በኋላ በጠመኔው የሚሳለው መስመር ከክርኗ አካባቢ ጠፋ። እንዲህ ዓይነት ክርን ያላቸው ሰዎች ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ገትረው ከመቆለፍ ይልቅ ጥቂት ልል ቢያደርጉት ይጠቅማቸዋል።

አያያዝም ሌላው ምክንያት ነው። ቀስቱን እንደ መጥረቢያ እጀታ በሙሉ መዳፍ የሚጨብጥ ሰው አንጓውን ወደ አውታሩ መንገድ ይገፋዋል። ግፊቱ በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ሲያርፍና የጣቶቹ አንጓዎች በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድለው ሲታዩ ክንዱ በራሱ ይርቃል።

የመከላከያው ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 የሰጠመችውና በ1982 ከባሕር የወጣችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከ100 በላይ ከሆኑ ረጃጅም ቀስቶች ጋር የቀስተኞችን የክንድ ቆዳዎችም ይዛ ተገኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር፣ ስቶንሄንጅ ከተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ አቅራቢያ በተገኘ፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ ደግሞ ከድንጋይ የተጠረቡ ሁለት የአንጓ መከላከያዎች ነበሩ። በአንጻሩ ክዩዶ የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ የቀስት ጥበብ ከሚከተሉ ቀስተኞች አብዛኞቹ ምንም አያስሩም፤ ፍላጻው ሲለቀቅ ቀስቱ በእጃቸው ውስጥ ስለሚዞር አውታሩ በክንዱ ውጭ በኩል ያርፋል።

ለእኛ ግን ቆዳው ያስፈልገናል፤ የሚገዛ ባይገኝ እንኳ ማሠራት ቀላል ነው። በጅማው ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያለ ጫማ ሰፊ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን የለፋ ቆዳ ካገኘ ወዲያው ቆርጦ ይሰጣል፤ ልኩን ግን ራሳችን ይዘን መሄድ አለብን። ቆዳው ከአንጓው በላይ ጀምሮ ከክርኑ መታጠፊያ በታች ያብቃ፤ መታጠፊያውን ከሸፈነ ክንድን ያግዳል። ለስላሳው ገጽ ወደ ውጭ ይሁን፣ ጠርዙ ይሞረድ፣ ቋጠሮና ዘለበት አውታሩ በሚያልፍበት በክንዱ ውስጥ በኩል ፈጽሞ አይኑር፤ አውታሩ የሚይዘው ነገር ካገኘ ከባዶ ክንድ የባሰ ይሆናል። ለማሰሪያ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ ከክር ይሻላል፣ ክንዱ ሲወጠር አብሮት ይለጠጣልና። በክረምት ሹራብና ጃኬት ስለምንደርብ ቆዳው እጅጌውን ወደ ክንድ ጠፍሮ መያዝ ይኖርበታል፤ ልል እጅጌ አውታሩን ከክርን ባልተናነሰ ያደናቅፋል።

ዝናብ የነካው ቆዳ እሳት ዳር አይሰቀል፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ከዚያም በጥቂት ሰም ይታሽ። በፌስታል ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሻጋታ ያበቅላል፤ የእኔ የሚሰቀለው ከተፈታው ቀስት ጎን፣ በግድግዳ ላይ ባለ ሚስማር ነው።