አንድ ቀን ሙሉ በኦስቦርን

እናቴ እንግሊዝ አገር ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሞተርሆም ተከራየሁ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው። ጉልበቷን ያማታል። በፈለገችው ሰዓት ጋደም ማለት ትችላለች ብዬ ነው የመረጥኩት። ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ ስለማይበልጥ በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳል።

እቅዴ ግን ልክ አልነበረም። በአራት ቀን ስድስት ቦታ ላሳያት አስቤ ነበር። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ እማዬ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ "ልጄ፣ እኔ እስካሁን ያየሁት መንገድ ብቻ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ማታ ቁጭ ብዬ የቀሩትን ቦታዎች ሰረዝኩ። አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ አይል ኦፍ ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ ያለውን የድሮ የንግሥት ቤት፣ ኦስቦርን ሃውስን።

ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ፌሪ (መኪና የሚጭን መርከብ) የሚያስከፍለው በመኪናው ርዝመት ነው። እኔ የመዘገብኩት የኪራይ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነበር። ከኋላ የተንጠለጠለውን የብስክሌት መስቀያ አልቆጠርኩም። ወደቡ ላይ ሲለካ ረዝሞ ተገኘና ልዩነቱን ከፈልኩ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በሜትር ለኩት፤ መስቀያውንም ጨምሩ። ቁመቱንም በጫማ (feet) እና በኢንች ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። እንግሊዝ አገር ድልድይ ላይ የሚጻፈው ቁመት ሁልጊዜ ሜትር የለውም፣ መንገድ ላይ ሆኖ ማስላት ደግሞ ያስጨንቃል። ፌሪ ላይ ከመግባታችሁ በፊት የምድጃውን የጋዝ ሲሊንደር መዝጋት አትርሱ።

ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ደሴቷ ላይ እስካለው ወደብ እስከ ኢስት ካውስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኦስቦርን ከወደቡ ቅርብ ነው። ረጅም መኪና ማቆሚያ እንዳላቸው ከዋዜማው ደውዬ ጠይቄ ስለነበር፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለ ምንም ጭንቀት አቆምን። እማዬ ቁርሷን እዚያው መኪናው ውስጥ በላች። ትንሽ ጋደም አለች። እኔም አላጣደፍኳት።

ቤቱ የእንግሊዟ ንግሥት የቪክቶሪያና የባሏ የአልበርት የእረፍት ቤት ነበር። ርስቱን የገዙት በ1845 ነው (ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አልበርት ከግንበኛው ከቶማስ ኩቢት ጋር ሆኖ፣ ጣሊያን አገር ያሉትን ቤቶች አስመስሎ አሠራው፤ ሁለት ማማ አለው። ንግሥቲቱ የሞተችውም እዚሁ ነው፣ ጥር 22 ቀን 1901። የግል ክፍሎቿ ለሕዝብ የተከፈቱት በ1954 ነው።

ብቻዬን ብሆን በአንድ ሰዓት ጨርሼው እወጣ ነበር። እማዬ ግን ወንበር ባገኘችበት ሁሉ ትቀመጣለች። እሷ ስትቀመጥ እኔም እቆማለሁ፤ ስቆም ደግሞ አያለሁ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀሉትን የሕንዳውያን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየናቸው። ወታደር አለ፣ ሸማኔ አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለ። የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ከሁሉም ይበልጥ እማዬን ያስቆማት ግን በመስታወት የተከደነ የእብነ በረድ የሕፃን እጅና እግር ነው። ንግሥቲቱ የልጆቿን እጅና እግር በሕፃንነታቸው አስቀርጻ ያስቀመጠችው ነው። እማዬ መጀመሪያ ደንግጣ አማተበች። ቆየት ብላ ግን፣ "ልጅ ያድግብኛል ብላ ፈርታ ነው" አለች። እኔ እንዲያ አድርጌ አላሰብኩትም ነበር።

ምሳችንን መኪናችን ውስጥ በላን። ሽሮና እንጀራ ከቤት ይዘን ነበር። ስለ ቡናው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ውስጥ ምድጃው ላይ ቡና ስትቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ጎረቤት የነበሩት ሁሉ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ተቆልቶ የተወቀጠ ይዘን ነው የምንሄደው። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ ያለ ችግር ይፈላል።

ከሰዓት በኋላ ቀስ እያልን በዛፎቹ ሥር ወደ ባሕሩ ወረድን። መንገድ ላይ ስዊስ ኮቴጅ የሚባለው የእንጨት ቤት አለ። አልበርት ለልጆቹ ያሠራው ነው። ልጆቹ እዚያ ምግብ ማብሰል ተማሩ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአትክልት መደብ ነበራቸው፤ የስማቸው ፊደል የተጻፈባቸው ትንንሽ የእጅ ጋሪዎችም አሉ። ያበቀሉትን አትክልት አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። እማዬ መደቦቹን በደንብ አየችና፣ "በደንብ ተኮትኩቷል" አለች። ከእሷ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ንግሥቲቱ ትቀመጥበት የነበረው መጠለያ አጠገብ አረፍን። ይህን ቤት ለምን እንዳስቀረሁት ለእማዬ የነገርኳት ያኔ ነው።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 እዚህ መጥቷል። ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ በሚያዝያ ሞተ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስትጓዝ መንገድ ላይ አረፈች። በሐምሌ ወር ልጁን አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ወደዚህ መጣ፤ ንግሥቲቱም ያገኘችው በዚሁ ቤት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው የልጁ ፎቶግራፍም የዚያው ክረምት ነው፤ ደሴቷ ላይ ነው የተነሳው። በኅዳር 1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023ም ተቀባይነት አላገኘም።

ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። ግን የንጉሥ ልጆች የቆፈሩትን መደብ፣ አልጋቸውን፣ የእብነ በረዱን እጅ ካየሁ በኋላ ሌላ ሆነብኝ። ቤቱ ሁሉ ልጅን በመውደድ የተሞላ ነው። ዓለማየሁ ወደዚህ የገባው እናቱን ካጣ ገና በሦስተኛው ወር ነው። እዚያ ተቀምጬ በጣም አዘንኩ። አሁንም ስጽፈው ያሳዝነኛል። አጽሙ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

እማዬ ብዙ አልተናገረችም። ውሃውን እያየች፣ "በአማርኛ የሚያጫውተው ሰው ነበረው ግን?" አለችኝ።

"ስፒዲ ነበረ" አልኳት።

"እሱስ ጥሩ ነው።"

ሊዘጉ ሲሉ ነው የወጣነው። ማታ ካምፕ ሳይቱ (የሞተርሆም ማደሪያው) ውስጥ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ መብራት ሰክቼ፣ ውሃ ሞላሁ። እማዬ ቡና አፈላች። በረካው ላይ ስንደርስ የነገውን ጠየቀችኝ። ቀኑን ለመመለሻ መንገድ ነበር የያዝኩት። ፌሪውን ወደ ማታ አዛወርኩና፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ትኖርበት ወደነበረው ፍሬሽዋተር እንሂድ አልኳት።

"ሩቅ ነው?"

"ቅርብ ነው እማዬ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።"