አልማዝ ባሕሩ ውስጥ ጠለቀች

በአንድ አነስተኛ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ገጽ ቀናባሪ ነኝ። ደንበኞቻችን በአብዛኛው አሳታሚ ሳይጠብቁ ከዕቁባቸውና ከቁጠባቸው አውጥተው መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። ረቂቁን በደብተር ጽፈው ያመጣሉ፤ እኛ እንተይባለን፣ ገጽ እንቀናብራለን፣ ለማተሚያ ቤት እናስረክባለን። አርታኢ ለመቅጠር የሚተርፍ ገንዘብ ስለማይኖር፣ ከኅትመት በፊት የመጨረሻው አንባቢ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው በኩራት አይደለም።

ከእነዚህ ደራስያን አንዷ ከቤሩት የተመለሰች ሴት ነበረች። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ያየችውን በአራት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጽፋ አመጣችልን። ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ይላል። ሥራው አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው መጣችና፣

«ወንድሜ፣ የፀሐይን ስም ቀይርልኝ» አለችኝ።

ፀሐይ የእውነት ሰው ናት። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሐዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ሲሄዱ፣ አስፋልት ዳር ካደሩት አንዷ ነበረች። አሁን አገሯ ገብታለች። እናቷ ግን ያን አዳር እስከ ዛሬ አልሰሙም።

«ምን ልበላት?»

«አልማዝ በላት።»

ኮምፒውተሩን «ፀሐይ»ን ፈልገህ በ«አልማዝ» ተካ አልኩት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ 312 ቦታ መተካቱን ነገረኝ። ቁጥሩ ትንሽ በዛብኝ፤ ቢሆንም ዋና ገጸ ባሕርይ ናት ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሺህ ቅጂ ታተመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሳቸው ወጪ ያሳተሙ ሦስት ደራስያን ከመጽሐፋቸው ጀርባ ያለውን ሕይወት የሚያወሩበት መድረክ ተዘጋጀና እኔም ሄድኩ። መጀመሪያ በ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የዘመቱ ጡረተኛ መምህር ተናገሩ። ቀጥሎ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሹፌር ጎማ ሥር ተኝቶ ስለጻፋቸው ግጥሞች አወራ። በእኔ አስተያየት የቀኑ ምርጥ ንግግር የእሱ ነበር። ከዚያ የእኛዋ ተራ ደረሰ። መድረክ መሪው አንድ አንቀጽ መርጦ ድምፁን አሳምሮ ማንበብ ጀመረ፦

«ቀኑን ሙሉ በረንዳ ስጠርግ አልማዝ አናቴን ስትመታኝ ዋለች። ማታ አልማዝ ቀይ ሆና ባሕሩ ውስጥ ጠለቀች፤ እኔም በመስኮቱ ቆሜ አየኋት።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ ወንበሬ ውስጥ መስመጥ አማረኝ። ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «አልማዝ ምዕራፍ ሦስት ላይ ባሕር ከገባች፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ቤሩት፣ ዶራ ሰፈር ተቀምጣ ቡና የምታፈላው እንዴት ነው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ደራሲዋም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እኔን ይፈልግ ነበር።

ወጣቱ ግን አልጨረሰም። «ደግሞ ገጽ 171 ላይ ያለችው ጸሀይ ማን ናት?»

በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ ካሳተመ ወዲህ ይሁን ከዚያም በፊት፣ አንባቢያችን ልብ ወለድ ይዞ «ይህ ሰው ማን ነው?» ማለት ይወዳል። ደራሲዋ አልመለሰችም። ውኃ ጠጣች።

ማታውኑ ፋይሉን ከፈትኩት። ገጽ 171 ላይ ያለው አንቀጽ ደራሲዋ ዘግይታ በቁራጭ ወረቀት ያመጣችው ነው፤ ሌላ ጸሐፊ ተይባዋለች፤ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ» ብላዋለች። ኮምፒውተር ለዓይኑ እንጂ ለጆሮው አይሠራም። በሁለቱ ጸዎችና በስድስቱ ሀዎች ብቻ ይህ ስም በ12 ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል፤ እኔ የፈለግሁት አንዱን ነው። አማርኛ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ የሚሉትን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ፣ የሰማይዋ ፀሐይና የሴትዮዋ ስምም አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚለይልኝ ዓይኔ ብቻ ነበር፤ 312ቱንም አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ። ዛሬ 12ቱ አጻጻፎች ከኮምፒውተሬ ጎን ተለጥፈዋል፤ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍም አልነካም። ደራሲ ረቂቅ ሲያስረክበኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ካለበት ነው።

አለቃዬ የእርማት ወረቀት እናስገባበት አለ፦ «ገጽ 171፣ ጸሀይ የሚለው አልማዝ ተብሎ ይነበብ።» ደራሲዋ ይህን ስትሰማ፣

«ልትደብቋት ነው ወይስ ልታውጁባት?» አለች።

ስለዚህ «አልማዝ» የሚል ስስ ቁራጭ ወረቀት አትመን በስሙ ላይ መለጠፍ ጀመርን። የባሕሯን አልማዝ ተውናት፤ ለእሷ የሚበቃ ሙጫም ጊዜም አልነበረም። መድረኩ ላይ የተሸጡት 74 ቅጂዎች ከነስሟ ሄደዋል።

በሁለተኛው ቀን ደራሲዋ ከመለጠፉ ሳትነሳ ለፀሐይ ስልክ ደወለች። ሌላ ሰው ሳይነግራት ልንገራት ብላ ነው። የምሰማው የእሷን ወገን ብቻ ነበር።

«ገጽ 171... አዎ፣ የቆንስላው በር ጋ... አንድ ቦታ ብቻ።» ረጅም ዝምታ። «አይ፣ ባንቺኛው አይደለም፣ በሌላኛው ጸ ነው።»

ከስልኩ የወጣው ሳቅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«እሷ አይደለሁም አለችኝ» አለች ደራሲዋ ስልኩን ዘግታ፣ ሙጫውንም ወደ ራሷ ሳበችው።