በሶ በ5,416 ሜትር ላይ

እናቴ ከደብረ ብርሃን በሰው እጅ ሁለት ኪሎ በሶ ልካልኝ ነበር። "ተራራ ልትወጪ ነው አሉ፣ ስንቅ ይሁንሽ" ብላ። ሻንጣዬን ስመዝነው ስምንት ኪሎ አለፈ። ሸክሙን በየቀኑ የምሸከመው ራሴ ስለሆንኩ በሶውን ዱባይ ቤቴ ትቼው ሄድኩ። ይህን መጀመሪያ የምጽፈው ጉዞውን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ስለሆነ ነው።

የሄድኩት ኔፓል ነው። የአናፑርናን ተራሮች ዞሮ ቶሮንግ ላ በሚባለው ላይ የሚያልፈውን መንገድ በእግር ለመሄድ። "ላ" በቲቤትኛ እኛ ጣርማ በር ስንል "በር" እንደምንለው ነው፤ ተራራ ለተራራ መሀል ያለ ማለፊያ። ቶሮንግ ላ 5,416 ሜትር ላይ ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ እንኳን ከ800 ሜትር በላይ ይበልጣል። ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግማሾቹ ኔፓላውያን ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የተራራቸውን ፎቶ ሲያሳዩኝ ኖረው በመጨረሻ በ2016 ጥቅምት ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ካትማንዱ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ስለማይሰጥ እሱን ቀደም ብዬ ጨረስኩ። ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን እንዳትረሱ።

ካትማንዱ የገረመኝ ዝቅ ማለቷ ነው። ሂማላያ ሲባል ከተማዋ ደመና ላይ ያለች ይመስለኝ ነበር። 1,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ታንሳለች። እዚያ አንድ ቀን ብቻ ቆየሁ፤ ጃኬትና የመኝታ ከረጢት ተከራየሁ፣ 3,000 ሩፒ ከፍዬ ወደ አናፑርና ጥብቅ ሥፍራ መግቢያ ፈቃዴን ወሰድኩ፣ መንገድ መሪዬን አገኘሁ።

ከፈረንጆቹ 2023 ኤፕሪል ጀምሮ የውጭ ሰው ያለ መሪ በእነዚህ መንገዶች እንዳይሄድ የሚል ደንብ መንግሥት አውጥቷል። እኔ ደንቡ ባይኖርም መሪ እይዝ ነበር። የኔው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ በቀን 30 ዶላር ተስማማን። በኔፓልኛ ታላቅ ወንድም "ዳይ"፣ ታላቅ እህት "ዲዲ" ይባላል፣ የማታውቀውንም ሰው እንደዚያ ነው የምትጠራው። እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው። እኔ ዳይ አልኩት፣ እሱ "ባሂኒ" አለኝ፤ ታናሽ እህቴ ማለት ነው። ዶሃ አራት ዓመት ጥበቃ ሠርቷል። ከአበሾች ጋር አንድ ክፍል ይኖር ስለነበር "እሺ"፣ "ቡና" እና "ቆይ" የሚሉትን ሦስት ቃላት ያውቃል። "ቆይ" የምትለዋን በኋላ ብዙ ጊዜ ተጠቀመባት።

አውቶቡሱ ቤሲሳሃር እስኪደርስ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። በማግስቱ ቻሜ ለሚወስደው ጂፕ 4,000 ሩፒ ተጠየቅኩ። አጠገቤ ዶሮዋን ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት 1,500 ከፈለች። ተናደድኩ፣ ለዳይም ነገርኩት፣ ሄዶ ተከራከረልኝ ግን አልቀነሱም። መንገዱን ግማሽ ያህል በዚህ ተቃጥዬ ነው የሄድኩት። ኋላ ላይ ግን ላሊበላ ፈረንጁ የሚከፍለውንና እኛ የምንከፍለውን ሳስበው ዝም አልኩ። ጂፑ ደግሞ አንደኛው ጎማው ገደሉን እየታከከ ስለሚሄድ ስለ ብር የማስብበት ጊዜም አልነበረም።

ከቻሜ በእግር ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ጥድ ጫካና ወንዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ከላይኛው ፒሳንግ ወደ ጊያሩ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ 2,800 ሜትር ላይ፤ ብርድና ዳገት በኔ ላይ አይሠለጥንም ብዬ አምን ነበር። ዳይን ቀድሜው ወጣሁ። ከታች "ቢስታሬ፣ ቢስታሬ" እያለ ይጣራል፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። አልሰማሁትም። ጊያሩ ስደርስ አናፑርና ሁለት ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊቴ ቆማለች። 7,937 ሜትር። በረዶዋ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያማል። አለቀስኩ፣ እውነቱን ነው የምናገረው፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማታውን ናዋል ላይ ራሴን ያዘኝ። በማግስቱ ማናንግ (3,540 ሜትር) ስንደርስ ምግብ አልወርድ አለኝ። እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ያሉበት የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ክሊኒክ አለ፤ በጉዞ ወቅት ከሰዓት በኋላ ስለ ከፍታ ሕመም ለተጓዡ ያስረዳሉ። ሐኪሟ ጣቴ ላይ መለኪያ አደረገች፤ ኦክስጅኔ 82 በመቶ ነበር። የት እንደምኖር ጠየቀችኝ። ዱባይ አልኳት። "ሰውነትሽ አሁን የሚያውቀው ባሕሩን ነው" አለችኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ቀን የመኝታ ከፍታን ከ500 ሜትር በላይ ማሳደግ አይመከርም፣ ብዙ ውኃ ጠጪ፣ ራስ ምታቱ እስኪለቅሽ አንድ እርምጃ ወደ ላይ እንዳትወጪ አለችኝ። ዳይ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። አልተቆጣኝም። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ከፊቱ አላስቀደመኝም፤ ፈጠን ካልኩ "ቆይ!" ነው።

ማናንግ አንድ ቀን ለማረፍ አስበን ሁለት ቀን አረፍን። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ያንን ሁለት ቀን ነው የምወደው።

የጽጌን ጾም ይዤ ነበር። ኔፓል ለጾመኛ እንዴት እንደሚመች! ዳልባት የሚሉት ምግብ ሩዝ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንችና አጫር የሚሉት ኮምጣጣ ማባያ ነው፤ ቅቤ እንዳይጨምሩበት መንገር ብቻ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ሳትጠይቅ ይጨምሩልሃል፣ ያው እንደ እናት ቤት። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በርዶኝ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ጥግ ተቀመጥኩ። የማደሪያው ባለቤት ዲዲ ስድሳ ዓመት ይሆናታል፤ ጉንጮቿ ከብርዱ የተነሳ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። ከቆርቆሮ ጣሳ ዱቄት አወጣች፣ በእንጨት ጎድጓዳ ሳህን አደረገች፣ ቅቤ የገባበትን ጨዋማ ሻይ ጠብ አደረገችበት። በግራ እጇ ሳህኑን እያዞረች በቀኝ እጇ ጣቶች ከጠርዙ ወደ መሀል ትሰበስበዋለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጨበጥ። ሽታው መጣ። የተቆላ ገብስ።

"በሶ!" ብዬ ጮህኩ።

"ሳምፓ" አለችኝ ደንግጣ።

ዳይ ከውጭ ሮጦ ገባ፣ አንድ ነገር የሆንኩ መስሎት። የእናቴ ምግብ ነው በልልኝ አልኩት። ዲዲ አላመነችም፣ አፍሪካ ውስጥ ብርድ አለ ወይ፣ ገብስ ይበቅላል ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። ስልኬን ከፍቼ የእናቴን ማሳ አሳየኋት። ገብሱን በሁለት ጣቷ አጉልታ አየችው። ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋችው። በሙቅ ውኃና በጨው አሸሁት፤ ከመደርደሪያዋ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ አንስቼ ነሰነስኩበት፣ ጠብታ ዘይት ጨመርኩ፣ ጭብጦ አድርጌ ቆርሼ ሰጠኋት። ቀመሰች። አኘከች። ቃሪያው በዛባት መሰለኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን እጇን እንደገና ዘረጋች። በማግስቱ ስንነሳ በፌስታል የተቋጠረ አንድ ኪሎ የሚሆን ሳምፓ አሸከመችኝ። ልክፈል ብላት ትከሻዬን መታችኝ።

ያክ ካርካ ያደርንበትን አልፈዋለሁ፤ ነፋስና ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ብቻ ነው። ስለ ተሸካሚዎቹ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሸክሙን በገመድ አስረው ገመዱን ግንባራቸው ላይ ያደርጉታል፣ አንገታቸው ይወጠራል። አንዱ የሦስት ሰው ሻንጣ ደርቦ በነጠላ ጫማ አለፈኝ። እንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስታወሰኝ። መሪና ተሸካሚ የምትይዙ ሰዎች፣ ሸክሙን መዝኑ፣ ልብስና ጫማ እንዳለው እዩ፣ ጉርሻውን አትሰስቱ።

ከቶሮንግ ላ በፊት ያለው የመጨረሻው ማደሪያ ሃይ ካምፕ ወደ 4,900 ሜትር ላይ ነው። እንደዚያ ያለ ሌሊት አሳልፌ አላውቅም። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ትንፋሼ ይቆምና እንደሰጠመ ሰው እየተንፈራገጥኩ እነቃለሁ። ዳይ ከፍታው የሚያደርገው ነው ብሎ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም ያስፈራል። የመጠጥ ውኃዬ እንዳይረጋ ከጎኔ አቅፌው ተኛሁ። ከቤት ካመጣሁት ሁሉ የጠቀመኝ የእናቴ ጋቢ ነው፣ ከመኝታ ከረጢቱ ላይ ደረብኩት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዳይ በር አንኳኩቶ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ይዞ መጣ። "ራስሽን ያምሻል? ታስመልሺያለሽ? ቀጥ ብለሽ ተራመጂ እስቲ" አለ። ተራመድኩ። "ደህና ነሽ፣ ነገር ግን ንጋት ላይ ካመመሽ እንመለሳለን" አለኝ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2014 ሁድሁድ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያመጣው በረዶ በቶሮንግ ላና በአካባቢው ቢያንስ 43 ሰው ገድሏል። ያኔ እሱ ዶሃ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ አብሮት የተማረ መሪ መሆኑን በስልክ ነው የሰማው። ይህን የነገረኝ ሾርባውን ጠጥቼ እስክጨርስ እየጠበቀ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ከፊታችን የግንባር ባትሪ ብርሃን ብቻ እንደ ጧፍ ተሰልፏል። አየሩ ባሕር ጠርዝ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ሃያ እርምጃ፣ ማረፍ፣ ሃያ እርምጃ፣ ማረፍ። በርካታ ጊዜ በሩ ላይ የደረስን መሰለኝና ሌላ ኮረብታ ሆነ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ባለ ቀለም የጸሎት ጨርቆቹን አየሁ፣ ነፋሱ ያርገበግባቸዋል። ደርሰናል። ዳይ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት አለች፣ ሻይዋ ውድ ናት፣ ስንት እንደሆነ አላስታውስም። ከጀርባዋ ነፋሱን ተከልለን ፌስታሉን ፈታሁ። ጣቴ ደንዝዞ ማሸት አቃተኝ፤ ዳይ ጓንቱን አውልቆ አሸልኝ። ጭብጦውን ለሁለት ገመሰ፣ ትልቁን ለኔ።

ቁልቁለቱ 1,600 ሜትር ነው። ጉልበት ይፈጃል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ወርደን የደረስንበት ሙክቲናት ሂንዱም ቡድሂስትም የሚሳለመው ቦታ ነው፤ 108 የውኃ ቧንቧዎች አሉት፣ ሰዎች በዚያ ብርድ ከሥራቸው ሮጠው ያልፋሉ። ጸበል ያየ ሰው አይገርመውም። ያ ቀን የዳሻይን ዋናው ዕለት ነበር፣ በእነሱ የዘመን አቆጣጠር በ2080 ዓመት። ዓመት ሙሉ የተበተነው ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ ታላቅ ታናሹን ግንባሩን በቀይ ቀብቶ የሚመርቅበት በዓል ነው። ዳይ ግን እኔን ሲመራ ነው የዋለው። ለእናቱ ሲደውል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

የማደሪያው ምግብ አብሳይ ከቆላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዳይን አስቀምጠው መረቁት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ማተቤን አሳየኋቸው። ገባቸው። ቀዩን ትተው ለበዓሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ካበቀሉት ቢጫ ቡቃያ ጥቂት ቆንጥረው ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ነገር አሉ። ምን እንዳሉኝ ዳይን ስጠይቀው "ዕድሜ፣ ጤና፣ ደህና ግቢ" አለኝ።

ዋይፋይ ነበርና ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ስለ በሩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሌሊቱ አወራሁላት። ቆይታ "ጆሮሽ ላይ ምንድን ነው? እንግጫ ነው?" አለችኝ።

"ገብስ ነው እማዬ።"

ዝም አለች። ከዚያ ስለ በሶው ጠየቀች፤ እዚያ ሀገር የተሰጠኝን ነገርኳት፣ የእሷ ዱባይ መቅረቱንም ነገርኳት።

"ጨው አድርገሽበታል?" አለችኝ።