የአባባ እጅ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባባ ከኮሮና ያገገሙት መስከረም ላይ ነው። ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ሳሉ ጋብ ብሎ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ ባለበት ሰሞን ግን ሌላ ነገር መጣ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሲቀመጡ ምንም አይታይባቸውም፤ ሲኒ ለማንሣት ሲዘረጉት ግን ክንዳቸው ድንገት ይወራጫል። ከወንበር ሲነሡ ደግሞ ጉልበታቸው ለቅጽበት ይከዳቸውና መልሶ ይጸናል። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ሰው በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ሲሞክሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ክሩን በምራቃቸው አርጥበው፣ በሁለት ጣቶቻቸው አሹለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያስጠጉታል፤ ልክ ሊገባ ሲል እጃቸው ይፈናጠራል።

ጎረቤት የመሰለውን ተናገረ። አንዱ ድንጋጤ ነው አለ፣ ሌላው ዕድሜ፣ ሌላው የሰው ዓይን። እማዬ ጠበል ይዛቸው ሄደች፤ የመረመሯቸው ሐኪምም ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ አደራ አሉ። እኚህን ሐኪም እዚሁ ሐዋሳ ማግኘታችንን እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ፤ በአገራችን ያሉት ጥቂት የነርቭ ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸውና።

ሐኪሙ አባባን ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ፊት አዘርግተው ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱ፤ የገዛ አፍንጫቸውን፣ ከዚያም የሐኪሙን ጣት እያፈራረቁ እንዲነኩ አደረጓቸው፤ የዓይናቸውንም እንቅስቃሴ መረመሩ። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ምት ያለውና በአብዛኛው እጅ ሲያርፍ የሚጎላ መሆኑን፣ የአባባ ግን ምት የሌለው፣ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ማይዮክሎነስ የሚባል የጡንቻ መወራጨት መሆኑን አስረዱን። የጉልበታቸው መክዳትም የዚሁ ሌላ መልክ ነው፤ ጡንቻው በመኮማተር ፈንታ ለቅጽበት ሥራውን ያቆማል። የኩላሊትና የጉበት መታወክ፣ የኦክስጅን እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያመጡ መጀመሪያ የደም ምርመራ ታዘዘ።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ቫይረሱ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ ይሆን የሚለው ነበር። እንደተረዳሁት ግን እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ ይበልጥ የሚጠረጠረው፣ ቫይረሱን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት የመከላከል ኃይል ዒላማውን ስቶ የገዛ አካሉን፣ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረውን የነርቭ ሥርዓት መንካቱ ነው። ችግሩ የሚገጥማቸው ከታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ በሽታው በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። እንደ ሌቬቲራሴታምና ክሎናዜፓም ያሉ መድኃኒቶች መወራጨቱን ያስታግሳሉ፤ ለአንዳንዶችም የመከላከል ኃይሉን የሚያበርድ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። ከተመዘገቡት ሕሙማን አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ተሽሏቸዋል።

ዛሬ ከተማው በኅዳር ጭስ ታጥኗል፤ እኛም የአባባን ሳንባ እንዳይጎዳ መስኮቶቻችንን ዘግተን ዋልን። ይህ ልማድ የሚያስታውሰን የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አገራችን የገባው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ነው። በዚያው ዘመን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1917፣ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባሉ ሐኪም ቪየና ላይ ሰውን በእንቅልፍ የሚጥል የአንጎል ብግነት መዝግበው ነበር፤ ከዚያ በሽታ ከተረፉት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደ ፓርኪንሰን ባለ ሕመም ሰውነታቸው ተሳስሯል። ከኢንፍሉዌንዛው ጋር የነበረው ዝምድና ባይረጋገጥም፣ ኮሮና ያለፈባቸውን ሰዎች ለዓመታት መከታተል እንደሚያስፈልግ ለማመን ለእኔ ይህ ታሪክ ይበቃኛል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአባባ ማፈር ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና አልፈልግም ይላሉ፣ ዕድር ላይም ከኋላ ይቀመጣሉ። እጃቸውን ለመቆጣጠር በታገሉ ቁጥር መወራጨቱ ስለሚብስባቸው ሰው «ጠበቅ አድርገው ይያዙት» ሲላቸው ያመኛል። ታናሽ እኅቴ ሲኒውን በግማሽ ቀድታ፣ ሌላ ወሬ እያወራች ታቀብላቸዋለች፤ ከእሷ እጅ ይጠጣሉ።

ከሰሞኑ ትንሽ ስለተሻላቸው ክሎናዜፓሙን ማቆም ፈልገዋል። በድንገት ከተቋረጠ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያስከትል ስለሚችል እስከ ቀጠሮው እንዲታገሡ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ሐኪሙን የምጠይቀው መጠኑን መቼና እንዴት አድርገን እንደምንቀንስ ነው፤ አባባ በበኩላቸው የስፌት መኪናቸውን ፔዳል መርገጥ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለውኛል።