ዲናሞው ያልቻለው ሰደርያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የእንስሳት ክትባት በሞተር ሳይክል ማድረስ ከሥራዎቼ አንዱ በነበረበት ጊዜ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ የታኅሣሥ ማለዳ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በመንገዱ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን እንኳ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቆይ ሳጥን ነበረው፤ ለነጂው የተሰጠው ግን የዝናብ ልብስ ብቻ ነበር።

ብርድን አሳምራ የምታውቀው፣ ሚኒሶታ የምትኖረው እኅቴ፣ ከባትሪ ጋር በገመድ የሚገናኝ ባለ 12 ቮልት ማሞቂያ ሰደርያ ላከችልኝ። የገረመኝ ደረቴ ሲሞቅ ጣቶቼም አብረው መሞቃቸው ነው። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከእጅና ከእግር ቀንሶ ለውስጥ አካል ስለሚያስቀድም፣ ፍሬን የሚይዝ ጣት የሚደነዝዘው በጓንት መሳሳት ብቻ አይደለም። ይህን ካየሁ በኋላ ጋቢዬን ቤት ትቼ መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ማለዳ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር መብራት አብርቼ፣ የሰደርያውን ሙቀት እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ከጭነት መኪኖች ኋላ እያዘገምኩ ጣርማ በር ደረስኩ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት፣ ከ500 ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ አፍ ላይ ሰልፍ ስለነበር፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያሠራሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ፤ ኋላ ግን ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ አጠፋሁት። መልሼ ላስነሣ ስል አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ዝም አለ። የእግር ማስነሻው ከተሰበረ ወራት አልፈውት ነበር። ሰደርያው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያለው አንድ ስስ ሹራብ ስለነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ።

በጎች ይዘው የሚያልፉ አንድ አዛውንት ቆም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ በዚህ ቁር ያለ ጋቢ ይወጣል?» ብለው የራሳቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ስለ ገመዱ ላስረዳቸው ብሞክር ይበልጥ አዘኑልኝ። የአንድ አይሱዙ ረዳት ከጓደኛው ጋር ሆኖ፣ ሞተሩን ወደ መጣሁበት ቁልቁለት አዙረን እየሮጡ ገፉልኝ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሣ። ጋቢውን አመስግኜ መለስኩ። ደብረ ሲና ስደርስ የሳጥኑ ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ክትባቱ ከእኔ ይልቅ ተመችቶት ሰንብቷል።

ስመለስ የደብረ ብርሃኑ መካኒክ ቴስተሩን ይዞ ሒሳቡን አሳየኝ። የዚህ ትንሽ ሞተር ዲናሞ በከፍተኛ ዙር የሚያመነጨው 100 ዋት ያህል ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ደግሞ ከዚያ እጅግ ያንሳል። የፊት መብራቱ 35 ዋት፣ ሰደርያው 65 ዋት ስለሚወስዱ፣ የኋላ መብራቱና የሻማው ድርሻ ሳይቆጠር 100 ሞልቷል። ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ቢሆንም፣ አቅሙ 5 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰደርያው ለብቻው ከ5 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ሞልቶ ያደረ ባትሪ እንኳ ያለ ዲናሞ አንድ ሰዓት አያቆየውም። ብዙ መቶ ዋት ለሚያመነጩ ትልልቅ ሞተሮች ይህ ችግር አይሆንም። መካኒኩን ከሁሉ ያስቆጣው ግን ገመዱን ያለ ፊውዝ ባትሪው ላይ ማሰሬ ነበር። «ገመዱ ተፍቆ ብረቱን ቢነካ፣ ያን ጊዜ በደንብ ትሞቅ ነበር» አለኝ።

አሁን በገመዱ ላይ ፊውዝ፣ በመሪው ላይ ትንሽ የቮልት መለኪያ አለ። ሰደርያውን የምለብሰው ከስስ ሹራብ በላይና ከወፍራም ጃኬት በታች ሲሆን፣ የምከፍተውም በዝቅተኛው ኃይል ነው፤ ሰልፍ ካጋጠመኝ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው። ጋቢው ተጣጥፎ ከክትባቱ ሳጥን ጋር ይታሰራል። ስድስት ወር ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍለት የኖርኩት የእግር ማስነሻም፣ ክትባቱ መንገድ ላይ ሊበላሽ ነበር ብዬ በጻፍኩ በሳምንቱ ተጠገነ።