ሲሸልስ ለጫጉላ ብቻ አይደለም
ሲሸልስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጫጉላ ነው። «ብቻሽን ሄደሽ ምን ልታደርጊ?» አለችኝ እህቴ። ብቻዬን ሄጄ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ገንዘቤም እንደፈራሁት ሙልጭ አላለም። ያስቸገሩኝ ባሕሩና ሰዓቱ ናቸው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ሲሸልስ የአብዛኞቹን አገሮች ዜጎች ቪዛ አትጠይቅም፣ የእኛንም ጭምር። ይህን ስሰማ ሻንጣ አንጠልጥሎ መሄድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን በኢንተርኔት አመልክታችሁና ከፍላችሁ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። የመመለሻ ቲኬትና የምታድሩበትን ቦታ ማስረጃ ይጠይቃል። ሌላው ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ያለ ክትባት አይሆንም። ካርዱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እኔ የተወጋሁት ለጉዞው 12 ቀን ሲቀረው ነው፤ ለጥቂት ተረፍኩ። አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ካርዱን አትጣሉት።

ከቦሌ እስከ ማሄ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ማሄ ትልቋ ደሴት ናት፤ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያው ናት። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፕራስሊን ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ቀድሜ ቆርጬ ነበር። ቲኬቱ 10:30 ይላል። እኔ በሐበሻ ጭንቅላቴ አስር ሰዓት ተኩል ብዬ አነበብኩት። ረፋዱን ገበያ ስዞር፣ ዓሣ ሲመዘን ሳይ አሳለፍኩ። ከምሳ በኋላ ተረጋግቼ ወደብ ስደርስ ጀልባው ከሄደ ሰዓታት ሆኖታል። ያጠፋሁት ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው የለም፤ ሌላ ቲኬት ገዛሁ። ከዚያ በኋላ የሁሉንም ጉዞ ሰዓት «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» እያልኩ በአማርኛ በወረቀት ጻፍኩ።

ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል። በነሐሴ ግን አንድ ሰዓቱ እንደ አምስት ሰዓት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ አለ። ዝናቡ ቀለል ይላል፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ማዕበል የላንጋኖን ነው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ፌስታል ተሰጠኝ። ስመለስ የማቅለሽለሽ ኪኒን ቀደም ብዬ ወስጄ፣ ታችኛው ፎቅ ከኋላ በኩል ተቀመጥኩ። ደህና ገባሁ። ባሕሩ የሚረጋጋው ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ነው፤ የእኔ ዕረፍት ግን በክረምት ነበር።

ነፋሱ የባሕር ዳርቻ ምርጫንም ይወስናል። በዚህ ወቅት ወደ ደቡብ ምሥራቅ በዞሩት ዳርቻዎች ላይ ማዕበል ይበረታል፣ የባሕር ሣር ይከመራል። በማሄ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ግን ጸጥ ያለ ነበር። ላ ዲግ ደሴት ላይ ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን ደግሞ ማዕበሉን ከዳርቻው ፊት ለፊት ያለው የኮራል ድንጋይ (ሪፍ) ስለሚሰብረው ውኃው ጉልበት አካባቢ ነው። ዋና ለማያውቅ እንደ እኔ ላለ ሰው ገነት ነው፤ መግቢያ ይከፈላል። እዚያው ደሴት ላይ ግራንድ አንስ ፎቶው ያምራል፣ ሞገዱ ግን ሰው ይወስዳል። እግሬን ብቻ ነክሬ ተመለስኩ። ላ ዲግ ላይ ሁሉም ሰው የሚሄደው በብስክሌት ነው። እኔም ከስንት ዘመን በኋላ ተከራየሁ። ዳገቷን በእግሬ ገፋኋት።

ገንዘብ የቆጠብኩት በሦስት ነገር ነው። ከሆቴል ይልቅ ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ ያዝኩ። ማሄ ላይ በታክሲ ፈንታ በከተማ አውቶቡስ ሄድኩ። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ ግን አትሞክሩት፤ ማታም ቶሎ ነው የሚያቆሙት። ምሳዬን ደግሞ ሩዝና ወጥ በካርቶን ከሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች ገዛሁ። ፍልሰታ ስለነበር ሥጋም ዓሣም አልፈለግሁም። ምስር በሩዝ፣ ዱባ በኮኮናት ወተት ጠግቤ በላሁ። መጀመሪያ «ቦንዙር» ማለት አትርሱ፤ ሰላም ሳይሉ ማዘዝ እንደ እኛው ነውር ነው።

የሶኬት መቀየሪያ ከአዲስ አበባ ያዙ። የእነሱ ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ሶኬት ነው።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ጫካ አየሁ። በ1983 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዓለማችን ትልቁ ዘር ያለው ኮኮ ደ ሜር እዚያ ይበቅላል፤ ፍሬው ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር አይወጣም፣ ስለዚህ ለእህቴ ፎቶውን ብቻ አመጣሁላት። ፍሬው የሴት ዳሌ ይመስላል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እህቴ አንዴ አየችና፣ እማዬ ሳታይ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።