ዝም ያለው ቅጠል

ሳማን ማንም አያስተምረንም፤ ገና ስንነካው ስለሚለበልበን እጃችን ራሱ ይማራል። በመስከረም ማብቂያ ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ቨርጂኒያ ሄጄ ያገኘሁት ተክል ግን ሲነኩት ዝም ይላል።

ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን እስከ ሜሪላንዷ ከምበርላንድ ከተማ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን የድሮ የጀልባ ቦይ ይዘን፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በእግር እየሄድን ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ ቅጠሉ እንደ ፍም ቀልቶ አየሁ። ወንድሜ ቀድሞኝ ስለነበር አላየኝም፤ ሁለት ዘለላ ቀጥፌ በጉዞ ደብተሬ ገጾች መካከል አኖርኩ።

በሦስተኛው ቀን ክንዴ ላይ በመስመር የተሰለፈ፣ ውሃ የቋጠረ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳኝ። የወንድሜ ባለቤት ነርስ ናት። አየችውና፣ «ጋሼ፣ ቅጠል ነክተዋል እንዴ?» አለችኝ። ደብተሩን ልከፍትላት ስል እጄን ያዘችኝ።

ስሙ ፖይዝን አይቪ ነው። ከአንድ አገዳ ሦስት ቅጠል ያወጣል፤ የመካከለኛው እግር ከሁለቱ ይረዝማል። ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ እንደ ገመድ ጸጉራም ነው፤ ቅጠሉ ረግፎም መርዙ አይለቀውም። ቆዳን የሚያስቆጣው ኡሩሺዮል የሚባል ዘይት ነው። በተነካ በደቂቃዎች ውስጥ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠበ ብዙ ጉዳት ይቀራል። እኔ ግን ምንም ስላልተሰማኝ አልታጠብኩም። ዘይቱ በልብስ፣ በጫማና በውሻ ጸጉር ላይም ይቆያል። ማቃጠልማ ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። የማንጎ ዘመድ መሆኑን ስትነግረኝ ደነቀኝ፤ የማንጎ ልጣጭ ከንፈራቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ነው።

ልጆቹን እንዳላስይዛቸው ፈርቼ ነበር። የቋጠረው ውሃ አያስተላልፍም፤ ሽፍታው በየቀኑ አዲስ ቦታ የሚወጣው ዘይቱ በብዛት የነካው ቆዳ ቀድሞ፣ በጥቂቱ የነካው ደግሞ ዘግይቶ ስለሚቆጣ ነው አለችኝ። በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ማሳከክ በሚያስታግሱት በካላሚንና በሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳንኩ። ፊት ወይም ዓይን ዙሪያ ከወጣ፣ ከተስፋፋ ወይም ካመረቀዘ ግን ሐኪም ማየት ግድ ነው። ሐኪሙ ስቴሮይድ የሚባለውን፣ የቆዳውን ቁጣ የሚያበርድ የሚዋጥ መድኃኒት ካዘዘም እስከ መጨረሻው መውሰድ ይገባል፤ ቶሎ ሲቋረጥ ሽፍታው ይመለሳል።

ደብተሩን ጓንት አጥልቃ በፕላስቲክ ጠቅልላ ጣለችው። የፖቶማክ ማስታወሻዬ ሁሉ በውስጡ ነበር፤ ይህን የጻፍኩት በአዲስ ደብተር፣ ከትዝታዬ ነው።